ከፍትፍቱ ፊቱ

ሽንኩርት ከመወደዱ፣ ታክሲ ከመጥፋቱና በግ ከሰው በላይ ከመከበሩ በቀር ሁሉም ሰላም ነው።

መቼም የበዓል ዋዜማ ጉለሌን ያየ ሰው አይረሳትም። በአዲሱ ገበያ በኩል ከመጣችሁ የበግ መንጋ እየሰነጠቃችሁ ነው የምታልፉት። አንዱ ገዢ የበጉን ወገብ ይጨብጣል፣ ሌላው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ሦስተኛው ዋጋውን ሰምቶ በጉን ትቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። በሽሮ ሜዳ በኩል ከመጣችሁ ደግሞ ከግራና ከቀኝ የተሰቀለው የሀበሻ ቀሚስ ፊታችሁን እየዳበሰ ያሳልፋችኋል። ሚኒባስ ስትሳፈሩ ከወንበሩ ስር እግሯን የታሰረች ዶሮ አለች። ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል ከሁሉም ቀድማ የምትመልሰው እሷ ናት።

እኛ እዚሁ ያደግን ልጆች ነን፤ ከሽሮ ሜዳ፣ ከቀጨኔ፣ ከአዲሱ ገበያና ከጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የተሰባሰብን። ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም አለንበት። በጾም ጉዳይ እንከራከራለን፣ በዶሮ ወጥ ጉዳይ ግን ተከራክረን አናውቅም። ግርግሩን እንወደዋለን። ይህን ቀድመን የምንናገረው በኋላ «እነዚህ ልጆች በዓል ጠሉ» እንዳትሉን ነው።

ዛሬ ለመጻፍ ያነሳሳን ግን ግርግሩ አይደለም። ባለፈው ገና ከግርግሩ መሃል የጎደለ አንድ ሰው ነው።

የተከደነው ሳህን

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጓደኛችን (ስሙን ትተነዋል፣ ታሪኩን ግን «ጻፉት» ብሎናል) ባለፈው ገና ቤተሰቦቹ ጋ አልሄደም። ቤተሰቦቹ ሽሮ ሜዳ ናቸው። እሱ የሚኖረው መገናኛ አካባቢ ተከራይቶ ነው። ቢበዛ ሁለት ታክሲ! አልታመመም፣ ከማንም አልተጣላም፣ ሥራም አልገባም። ስልኩን አጥፍቶ ተኝቶ ነው የዋለው።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን «እንኳን አደረሳችሁ» ልንል እነሱ ቤት ሄድን። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ድፎ ዳቦው ተቆርሷል። በሩን ስናንኳኳ እናቱ ብድግ ብለው መጡ። እኛን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከኋላችን ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። ገብተን ተቀመጥን። መደርደሪያው ላይ በሌላ ሳህን የተከደነ ሳህን ነበር። ማናችንም አልጠየቅንም። ራሳቸው ነገሩን።

«የሱ ነው። ድርሻውን ከነእንቁላሉ አስቀምጬለታለሁ። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ይመጣል።»

የበዓል ዶሮ ወጥ እየበላ ያደገ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ዶሮዋ 12 ብልት ትወጣለች፤ በየቤቱ እያንዳንዱ ብልት ባለቤት አለው። የአባት የታወቀ ነው፣ የልጅ የታወቀ ነው፣ ድንገት ለሚመጣ እንግዳም ይታሰብለታል። አንዱ ብልት ሳይበላ ሲያድር እናት የምታየው የተረፈ ወጥ አይደለም። ያልመጣ ልጅ ነው።

ከሳምንት በኋላ ጓደኛችንን አግኝተን «ምን ሆነህ ነው?» አልነው። መልሱ አጭር ነበር።

«ባዶ እጄን እንዴት ልሂድ?»

ለካ ሁለት ወር ደመወዝ አልተከፈለውም። ታላቅ እህቱ ከዱባይ ብር ልካለች። ታናሽ ወንድሙ በግ ገዝቷል። «እኔ ምን ይዤ ልግባ? ቆሜ እንኳን አደረሳችሁ ልበል?» አለን።

አዎና! ቆመህ እንኳን አደረሳችሁ በል እንጂ! ብለን ጮኽንበት። ጮኸን ስንጨርስ ግን ሁላችንም ዝም አልን። ምክንያቱም እርስ በርስ ስንተያይ ንጹሕ ሰው ከመካከላችን ጠፋ። አንዳችን አክስቱን ሦስት በዓል ሳይጠይቅ ያለፈው አንድ ኪሎ ቅቤ መግዣ ስላልነበረው ነው። አንዷ ደግሞ የእህቷ ልጅ ክርስትና ላይ የቀረችው «ወርቅ ሳልይዝ?» ብላ ነው። ከቤት የቀረነው ስላልወደድናቸው አልነበረም። የምንወዳቸው ሰዎች ፊት ባዶ እጃችንን መታየት አፍረን ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያስደነገጠን። በዓል የተበተነ ሰው የሚሰበሰብበት ቀን ነበር። ዛሬ ግን ኪሱ የሳሳ ሰው የሚደበቅበት ቀን እየሆነ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ኪሱ ያልሳሳ የደመወዝተኛ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ! እንዲህ ከቀጠልን በየበዓሉ የሚከደነው ሳህን እየበዛ ነው የሚሄደው።

ጥፋቱ የበጉ ነው እንዴ?

አይደለም። በግ ምን አደረገ?

ክርስትናችን ድግስ የሚጠላ ሃይማኖት አይደለም። ኦርቶዶክሱ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያትን ጾሞ ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ሲፈታ ቢደሰት ምን ይደንቃል? ለፋሲካማ 55 ቀን ነው የሚጠበቀው። ቅርጫውም ቢሆን ሥጋ መከፋፈል ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ አንድ በሬ ላይ የሚስማማበት ነው። (የአዲስ አበባ ጎረቤት በሌላ በምን ተስማምቶ ያውቃል?) ጌታም ቢሆን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ላይ ወይን ሲያልቅ «ውሃ ይበቃችኋል» አላለም።

ጥፋቱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ያለውን የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛም የምናውቀው ይመስለን ነበር። በጓደኛችን ጉዳይ ተናደን መልሰን ስናነበው ግን ያላየነውን አየን። ልጁ ሲመለስ በእጁ ምንም አልያዘም። ይዞ የመጣው መንገድ ላይ ያጠናትን የይቅርታ ንግግር ብቻ ነው። አባትየው ገና ከሩቅ አይቶት ሮጠ፣ አቀፈው፣ ሳመው። ምርጥ ልብስ፣ ቀለበት፣ ጫማና የሰባ ፍሪዳ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ ፍሪዳው አልቀረም። ፍሪዳው ታረደ፣ ድግሱም ተደገሰ። ግን ሁለተኛ ነው የመጣው። አንደኛ የመጣው እቅፉ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ታላቅ ወንድምየው ከእርሻ ሲመለስ የዘፈኑን ድምፅ ሰምቶ አልገባም አለ። እሱ ባዶ እጁን አልነበረም፤ የስንት ዓመት አገልግሎት ነበረው። ግን ሲቆጥር ነው የተገኘው። እኔ ይህን ያህል አገለገልኩ፣ ለእኔ አንድ ጠቦት እንኳ አልተሰጠኝም አለ። እንግዲህ እዩት፤ ባዶ እጁን የመጣው ልጅ ቤት ውስጥ ነው፣ እጁ የሞላው ልጅ በር ላይ ቀርቷል። አንዱን በሩ ላይ ሊያስቀረው የነበረው እፍረት ነው፣ ሌላውን ያስቀረው ሂሳብ ነው። በእኛ ቤትስ በዓል በመጣ ቁጥር እነዚህ ሁለቱ አይደሉም የሚጎበኙን?

«ቆይ፣ ሰብአ ሰገልስ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው መጥተው የለ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ! በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ እሱንም ሄደን አየነው። መጀመሪያ ወደ ቤቱ ገቡ፣ ሕፃኑን ከእናቱ ከማርያም ጋር አዩት፣ ወድቀው ሰገዱለት። ሣጥናቸውን የከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። እረኞቹማ ሉቃስ እንደጻፈው ወደ ቤተልሔም የሄዱት በጥድፊያ ነው፤ ስጦታ ያዙ የሚል ነገር አልተጻፈላቸውም። በእኛ አገር ትውፊት በእጃቸው የነበረው ዱላ ነው፤ የገና ጨዋታም ከእነሱ ደስታ የመጣ ነው ይባላል። ጓደኛችን ግን «ዱላ ብቻ ይዤ?» ብሎ ተኝቶ ዋለ።

«እወድሻለሁ» በአማርኛ

እስቲ እንተማመን። ከእናንተ መሃል እናቱን በአማርኛ ፊት ለፊት «እማዬ፣ እወድሻለሁ» ያለ ስንት ነው? እኛ ተቆጣጥረን ሁለት ሰው አገኘን፤ አንዱ ያለው ሰርጉ ላይ ነው፣ እሱም ማይክ ተሰጥቶት። በዚህ ቃል እናፍራለን። ወላጆቻችንም እንዲሁ ናቸው። የእነሱ «እወድሃለሁ» ሌላ ድምፅ አለው። «ብላ እንጂ! ምነው ጠላኸው?» ይላል። «ጋቢ ደርብ፣ ብርድ ነው» ይላል። «ስትደርስ ደውል» ይላል።

ስለዚህ እኛ ቤት ምግብና ልብስ ድሮም የፍቅር ቋንቋ ነበር፤ ይህን አንክድም። ግን ያ ቋንቋ ሰው ነበረበት። ጉርሻን ውሰዱ። ጉርሻ ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ የሚያጎርሰውና የሚጎርሰው አንድ መሶብ ላይ ካልቀረቡ አይሆንም። በምንም ዓይነት ባንክ አይላክም። ጉልበት መሳምም እንደዚያው ነው፤ ጎንበስ የሚል ወገብና ቀና የሚያደርግ እጅ ይፈልጋል። ምርቃትም ቢሆን «አሜን» የሚል አፍ ፊት ለፊቱ ካልተቀመጠ ሙሉ አይሆንም።

አሁን ምን ሆነ? ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ፣ የባንክ መተግበሪያም ሞልቷል። ሩቅ ላለ ሰው ትልቅ በረከት ነው። ዱባይና ቤይሩት ላሉ እህቶቻችን የሚልኩት ብር ላባቸው ነው፤ ማንም ሊቀልድበት አይገባም። እኛን ያሳፈረን የራሳችን ነገር ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ እናቱ ጋ ለመድረስ አንድ ታክሲ የሚበቃው ልጅ፣ ለእንቁጣጣሽ ብር በስልክ ልኮ «በዓልሽን አደመቅሁት» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ውሏል። እናቱ ደውለው አመሰገኑ፣ መረቁ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ትንሽ ዝም ብለው «እና መቼ ትመጣለህ?» አሉት። ብሩ ደርሷል፤ ልጁ አልደረሰም።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የእናቶች ቀንን የጀመረችው አና ጃርቪስ የምትባል ሴት ናት። እናቷን ለማስታወስ በ1908 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን አከባበር አዘጋጀች፤ በ1914 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ብሔራዊ በዓል አድርገው አወጁት። ብዙም ሳይቆይ የአበባና የካርድ ነጋዴዎች ቀኑን ወሰዱት። ሴትየዋ የቀረ ዕድሜዋን የጨረሰችው ራሷ የጀመረችውን በዓል ከንግድ ለማስጣል ስትታገል ነው። ልጆች ለእናታቸው በገዛ እጃቸው ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ የታተመ ካርድ ገዝተው መላካቸው ያንገበግባት ነበር። በ1948 ስትሞት ገንዘብም ልጅም አልነበራትም። ካርዱ ግን ዛሬም ይሸጣል።

እኛም ጋ የታተመው እየመጣ ነው። ልጅ ሳለን ለእንቁጣጣሽ በደብተር ወረቀት ላይ አበባና መልአክ ስለን በየቤቱ እያዞርን ሳንቲም እንቀበል ነበር። የመልአኩ አንድ ክንፍ ከሌላው ይበልጥ ነበር፣ ዓይኑም ይንሸዋረር ነበር፤ ግን እጃችን ነበረበት። ዛሬ በአብዛኛው የሚዞረው ከሱቅ የተገዛ የታተመ ሥዕል ነው። ክንፉ እኩል ነው። ማን እንደሳለው ግን አይታወቅም።

ሸማኔው ወዴት ይሄዳል?

የሽሮ ሜዳ ልጅ ሆነን ስለ ሸማኔ ሳንናገር ብናልፍ ቅር ይለናል።

በየበዓሉ ከተማው የሚለብሰው ነጭ ልብስ ብዙው የሚሸመነው እዚህ በእኛ ሰፈር ነው። ሸማኔዎቹ አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ውሎ ያመሻል። እኛ ደግሞ የሠራውን ለብሰን፣ ባል ሚስትና ልጆች በአንድ ዓይነት ጥለት ተመሳስለን ፎቶ እንነሳለን። ፎቶው ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ለጥለቱ ማመሳሰያ ገንዘብ ያጣ ቤተሰብ ስልኩ ላይ አይቶት ያፍራል።

እና መስቀል ሲደርስ ሸማኔው ምን ያደርጋል? ቤቱ ይሄዳል! ዓመቱን ሙሉ የበዓል ልብስ ሲሠራልን የኖረው ሰው የራሱ በዓል ሲደርስ ወደ ጋሞ ደጋ ይሳፈራል። መርካቶን የሚያንቀሳቅሱት የጉራጌ ልጆችም እንደዚያው ወደ አገር ቤት ይተማሉ፤ ሱቁ ይዘጋል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙዎቻችን የኮራነው በደመራው ነው። ለጋሞና ለጉራጌ ቤተሰብ ግን መስቀል ከደመራውም በላይ ልጅ ወደ ወላጁ የሚመለስበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ሽማግሌ የሚመርቅበት ነው። ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፤ ለዚያ ቀን ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ፣ ሥጋውም ቅቤውም የታወቀ ነው። ግን ብር ልኮ መቅረት አይቻልም። መምጣት አለበት። ዋናው ነገር ሰውየው ነው፤ ሌላው ሁሉ ጓዝ ነው።

የባዶ እጅ እፍረት እስከምን እንደሚያደርስ ደግሞ በዚያው በ2006 ዓ.ም. አይተናል። ሳውዲ አረቢያ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን የውጭ ሠራተኞች ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበሩባቸው። ብዙዎቹ ቦሌ የደረሱት ገና ሊገባ ሲል ነው። ከመካከላቸው የለበሱትን ልብስ ብቻ ይዘው የተመለሱ ነበሩ። በሕይወት በመመለሳቸው አገር ሲደሰት እነሱን የጨነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ «ቤተሰቤ ፊት ምን ይዤ ልቁም?» ያ ጥያቄ ከየት መጣ? ከሳውዲ አልመጣም። ከእኛ ነው የመጣው። «የእገሌ ልጅ ምን ላከ? የእገሊት ልጅ ቤት ሠራችላቸው» እያልን በየበዓሉ ቡና ላይ ስንመዝናቸው የኖርነው እኛ ነን።

የገና አባት ነገርም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በጠራራ ፀሐይ የጥጥ ፂም ለጥፎ ሱቅ በር ላይ የሚቆመው ሰውዬ ስሙ የተወሰደው ከቅዱስ ኒኮላስ ነው፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሜራ ጳጳስ ከነበረው። ትውፊቱ እንደሚለው አንድ ድሃ አባት ሦስት ሴት ልጆቹን የሚድርበት አጥቶ ሲጨነቅ፣ ኒኮላስ በሌሊት በመስኮት የወርቅ ከረጢት ጥሎለት ሄደ። በድብቅ የሰጠው ተቀባዩ እንዳያፍር ነው። የእኛ ስጦታ ደግሞ የሌለውን ሰው እስኪያሳፍር ድረስ መታየት አለበት።

«ለእናንተ ማውራት ቀላል ነው»

አንዲት ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ሳይወጣ አንብባ ተቆጣችን። «እቅፍ ዘይት አይገዛም» አለችን። «እናቴ የስኳር መድኃኒት አለባት፣ የቤት ኪራይ አለባት። እኔ ሄጄ ጉልበቷን ስሜ ብመለስ ፋርማሲው በምርቃት ይሰጣታል?»

እውነቷን ነው። ይህችን ልጅ የሚመልስ ክርስትና የለም፤ ክርስትናው ራሱ ከእሷ ጋር ነው የሚቆመው። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ እንኳ ስለ እናቱ ያደረገው ነገር ተጨባጭ ነበር። ለዮሐንስ አደራ ሰጣት፣ ዮሐንስም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ቤት ማለት ምግብ ነው፣ አልጋ ነው፣ ወጪ ነው። በእንጦጦ ጫካ ጭራሮ ለቅመው፣ በጀርባቸው አዝለው ያን ቁልቁለት በመውረድ ልጅ ያሳደጉ እናቶችን እያየን ያደግን ሰዎች «ፍቅር ብቻ ይበቃል» ብንል እግዚአብሔርም ሰፈሩም ይታዘበናል።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። እናት የሚያስፈልጋትን ነገርና በዓሉ የሚጠይቀውን ነገር አንቀላቅል። መድኃኒቱ በየወሩ ነው የሚያልቀው፤ የእኛ ልግስና ግን ታኅሣሥ 29 ላይ ነው የሚነሳው። በየወሩ ለመድኃኒቱ የምትሆን ጥቂት ብር የከበደችን ልጆች በአንድ ቀን የወር ደመወዝ የሚያህል በግ እየጎተትን እንገባለን። ለምን? መድኃኒቱን ጎረቤት አያየውም። በጉ ግን ይጮኻል!

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ጌታ ፈሪሳውያንን የወቀሰበት አንድ ነገር አለ። ሰዎች ለአባትና ለእናታቸው ሊሰጡት የሚገባውን «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» እያሉ ወላጆቻቸውን ከመርዳት ያመልጡ ነበር። የተቀደሰ ስም ለጥፈው ከአደራቸው ሸሹ። እኛ ዛሬ ይህን በበዓል ስም እናደርገዋለን ብለን እንፈራለን። አባት «ና እስቲ ትንሽ ተቀመጥ» ሲል «አባባ፣ የበዓል ነገር እኮ ነው፣ መሮጥ አለብኝ» እንላለን። እናት «ወንድምህን ታረቀው» ስትል «ከበዓል በኋላ» እንላለን። ለእነሱ የሚገባውን ጊዜ ለበዓሉ ሰጠነው። በዓሉ ራሱ ቁርባን ሆነብን።

ታዲያ ምን ይሁን?

እኛ ሰባኪ አይደለንም፤ ከመካከላችን የተሻለው በመዝሙር ክፍል አንድ ዓመት የቆየ ነው። ግን ለዘንድሮ በዓል እርስ በርስ የተማማልንበትን እንንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

ዋዜማውን ቤት እንገኛለን። የዶሮ ወጡን ሽንኩርት እኛ እንልጣለን፣ ወንዶቹም ጭምር። እናትን ብቻዋን ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ዳር ትቶ ጠዋት «ወጡ ይጣፍጣል» ማለት ፍቅር አይደለም። (እንባም ቢመጣ በሽንኩርቱ ይሳበባል፤ ለወንድ ልጅ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።)

ወጪውን በግልጽ ተነጋግረን እንካፈላለን። ያለው ያዋጣል፣ የሌለው «የለኝም» ይላል፤ የለኝም ያለውን ሰው ማንም ቀና ብሎ አያየውም። በግ ካልተቻለ ዶሮ፣ ዶሮ ካልተቻለ ሽሮ። ሜዳውስ ስሙ ሽሮ አይደል!

ያፈረውን ሰው ፈልገን እንደውልለታለን። በየቤተሰቡ አንድ አለ፤ ሥራ ያጣው ወንድም፣ ከትዳሯ የተለየችው እህት፣ ከስደት የተመለሰው የአጎት ልጅ። «ምን ይዘህ ትመጣለህ?» አንለውም። «ስንት ሰዓት ትደርሳለህ? ቡናው ይጠብቅሃል» ነው የምንለው።

ለወላጆቻችንም አንድ ልመና አለን፣ በትሕትና። እማዬ፣ አባባ፣ እባካችሁ የጎረቤትን ልጅ በግ አታሳዩን። እናንተ በቅንነት ነው የምትሉት፣ እኛ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት በዓል እንቀራለን።

ደግሞም ጊዜ አለን ብለን አንዘናጋ። የጉለሌ ሰው ነን፤ ጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን ሁለቱ በዓል ሲሆን ጠዋት እዚያ ጎራ ብለው ነው የሚመጡት። አንዱ ምን አለን መሰላችሁ? «እናቴ በሕይወት ሳለች የገዛሁላትን ቀሚስ ሁሉ አስታውሳለሁ። ምን እንዳጫወተችኝ ግን አላስታውስም፤ ቁጭ ብዬ አልሰማኋትም ነበር።» ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልተናገረም።

ያ ጓደኛችንስ?

ፋሲካ ዕለት ሄደ። ደመወዙ ያኔም ሙሉ በሙሉ አልተከፈለም ነበር። መንገድ ላይ አንድ እስር ቄጤማ ገዝቶ፣ በብብቱ ሸጉጦ ገባ። ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ ገናው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ስልኩ። እናቱ ንግግሩን አላስጨረሱትም። ቄጤማውን ተቀብለው መሬት ላይ እየጎዘጎዙ «ቆመህ ታወራለህ እንዴ? እጅህን ታጠብ» አሉት። ሳህኑ ዘንድሮ አልተከደነም።

የሚቀጥለው በዓል ሲደርስ አንዳችሁ ስልካችሁን አጥፍታችሁ ለመተኛት ያሰባችሁ ከሆነ እባካችሁ ተነሱ። ታጠቡና ታክሲ ያዙ። እጃችሁ ባዶ ቢሆን ግድ የለም፤ ለማቀፍ ባዶ እጅ ይመቻል። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት እንዲሁ ለወጉ አይደለም።

መልካም በዓል፤ ቸር ይግጠመን!